የቀይዋ መኪና አገጭ

ያ ጥር እንደ ሌላው ጥር አልነበረም። በክፉው ዘመን ታፍኖ የቆየው ሠርግ ሁሉ ባንድ ጊዜ ፈነዳ። ጧት ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፤ ረፋዱ ላይ ፀሐዩ ይመጣና ሰውን እንደ ልጅ ያቅፋል። አቧራው ከከበሮው እኩል ይነሣል፤ በላሊበላ ዳገት ላይ ክላክስ እየነፋ የማያልፍ መኪና የለም። ሰው ደስ ብሎት ነበር፤ ግን ደስታው እንዳይነጠቅበት በመሐረብ ቋጥሮ እንደሚይዝ ሰው ነበር ደስ ያለው።

በዚያ ጥር ምንይችል የሚባል የመኪና ቀለም ቀቢ ነበረ። ጋራዡ ከከተማው መውጫ፣ ገደል አፋፍ ላይ ናት። አዲስ አበባ ጥቂት ሰንብቶ ነው የመጣ፤ ከዚያ ሙያም ወሬም ይዞ መጥቷል፤ ወሬው ግን ሚዛን ይደፋል። እሱ ዘንድ ሰሎሞን የሚባል አስጎብኚ ባለ ሁለት በር ቀይ ስፖርት መኪናውን አመጣ። ከአዲስ አበባ ደግሞ ጌጥ አስጭኖላታል፤ ከመብራቱ በታች የሚገጠም የፊት ፓራውልት፣ ከበሩ ሥር የሚለጠፍ የጎን ቀሚስ፣ ከኋላ የሚቆም ክንፍ። «ቀብተህ ግጠምልኝ፤ እሑድ ሙሽራዬን የማመጣባት ናት» ብሎ ሰጠው።

ምንይችል ቀባ። ቶሎ ይድረቅልኝ ብሎ ከሰል አቀጣጥሎ ከሥሩ አኖረ። ዕቃው ፕላስቲክ ነው፤ ምሳውን በልቶ ሲመለስ ሁሉም እንደ ሰም ቀልጦ፣ እንደ ሙክት ቀንድ ተጠማዞ አገኘው። ግራ ቀኝ አይቶ ገደል ወረወረው።

ጋራዧ ውስጥ ሌላ መኪና ቆማለች፤ የጋሸናው የሙሐዲን ነጭ መኪና፣ የሞተር ዕቃ እስኪመጣላት ሸራ ለብሳ። ዓይነቷ ያው ነው፤ ሰሎሞንም የገዛው የሙሐዲንን አይቶ ቀንቶ ነው። ምንይችል የነጯን ጌጥ አወለቀ። ሰኞ አጥቤ እመልሰዋለሁ ብሎ፣ በውሃ በሚለቅ የግድግዳ ቀለም ቀይ ቀባው። ማንም አላየኝም አለ። ማቅለጡ ቢሰማ ግን ከጋሸና ወዲህ መኪናውን የሚያምነው ሰው እንደማይኖር ያውቃል።

ዕለቱ ዓርብ ነው። የሰሎሞን እናት እማማ ስሜነሽ እንደየዕለቱ መጥተው አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠዋል። ክርክሩ ከተጀመረ ቆይቷል።

ስሜነሽ: አገጭ ነው።

ምንይችል: ፓራውልት ነው እማማ።

ስሜነሽ: ከዓይኗ በታች ያለው ምኗ ነው? አገጯ ነው።

ምንይችል: መኪና አገጭ የላትም! አዲስ አበባ ስንቱን መኪና ስፈታ ስገጥም የኖርሁ ሰው ነኝ። ፓራውልት ካልሁ ፓራውልት ነው።

ስሜነሽ: እሺ። እና ፓራውልቱን አገጯ ላይ ነው የምታደርገው?

ምንይችል: አዎ… ኧረ አይደለም! በፊቷ ላይ ነው።

ስሜነሽ: በፊቷ ላይ፣ ወደ ታች።

ምንይችል: ወደ ታች።

ስሜነሽ: እንግዲያማ አገጭ ነው።

[ምንይችል የብርጭቆ ወረቀቱን ጣለው። መልሶ አነሣው። ከአሮጊት ጋር መከራከር ያደክማል፤ ነገር ደብቆ መከራከር ደግሞ ይብሳል።]

ስሜነሽ: ይኼ ከኋላዋ ያቆምኸው መደርደሪያሳ?

ምንይችል: መደርደሪያ አይደለም እማማ፤ ክንፍ ነው።

ስሜነሽ: ልትበር ነው?

ምንይችል: እንዳትበር ነው! በሩጫዋ ጊዜ ነፋሱ ጀርባዋን እንዳያነሣት፣ ክንፉ ወደ መሬት ይጫናታል።

ስሜነሽ: ክንፍ ሆኖ እንዳትበር ይከለክላታል?

ምንይችል: እንዴታ። ሳይንስ ነው።

ስሜነሽ: መላእክቱ ይኼን ሳይሰሙ ነዋ እስከ ዛሬ የሚመላለሱት።

ምንይችል: እማማ!

ስሜነሽ: የነአኩቶ ለአብን መንገድ ታውቀው የለም? ሙሽራዋ የምትመጣው በዚያ ነው። አህያ እንኳ እግሯን ከማንሣቷ በፊት የምታስብበት መንገድ ነው። በየትኛው ሩጫዋ ነው ነፋስ የሚያነሣት?

ምንይችል: አብሽሩ እማማ፣ ለሩጫው ብቻ አይደለም። ለግርማውም ነው። መኪና ጌጥ ሲጨመርላት ነው ሰው ዞሮ የሚያያት።

ስሜነሽ: ይጨመር፣ ይጨመር። ብቻ እዚህ አገር ሥራ ሲባል መቀነስ ነበር። ያን ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ከላይ ወደ ታች አለቱን እየቀነሱ አወጡት እንጂ አንድም የለጠፉት ነገር የለም።

ምንይችል: ያን ጊዜ ኮምፕሬሰር መች ነበረና!

ስሜነሽ: ይኼም እውነት ነው። ቢኖራቸው ክንፍ ያወጡለት ነበር።

[እማማ ስሜነሽ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ይቀልዱ ይሁን ከልባቸው፣ ከፊታቸው ምንም አይነበብም። ምንይችል «የዋህ ናቸው፣ ምንም አይገባቸው» አለ በሆዱ፤ ልቡም ትንሽ ተመለሰ።]

ስሜነሽ: ይኼን ሁሉ ታዲያ በምን ታያይዘዋለህ?

ምንይችል: በብሎን! ሲያስፈልግ በትራፓኖ እበሳና፣ ማጣበቂያ እጨምርበትና፣ ከዚያ ወዲያ ዓለም ብትገለበጥ አይነቃነቅ…

[እዚህ ላይ ቆመ። ሰኞ መንቀል ያለበት እሱ ራሱ መሆኑ ትዝ አለው።]

ስሜነሽ: አትብሳው፣ ልጄ። አታጣብቀው። እሰረው።

ምንይችል: ምን? ማሰር? ስፖርት መኪና እንደ ማገዶ ሸክም?

ስሜነሽ: እንደ ሙሽራ በቅሎ።

ምንይችል: እማማ፣ ይኼ ሙያ ነው። ስሜን ነው የሚያጠፉት።

ስሜነሽ: እሰረው ብያለሁ።

ምንይችል: የሰማ ባለሙያ ምን ይለኛል? መቼም አላስርም!

[ከልቡ የሚለው «ተመስገን» ነው። ግን ባለሙያ ነኝ ያለ ሰው ወዲያው እሺ አይልም፤ ሦስት ጊዜ ራሱን ወዘወዘ።]

ምንይችል: …እንግዲህ ለእርስዎ ስል። ለነጭ ፀጉርዎ ስል። በቀጭን ሽቦ፣ በጨዋ ደንብ አስረዋለሁ። ግን ለሰው አይንገሩ።

ስሜነሽ: ለማን ብዬ። ለመሆኑ የሙሽራ በቅሎ ስትሸለም አይተህ ታውቃለህ?

ምንይችል: በስልክ ላይ አይቻለሁ።

ስሜነሽ: በስልክ ላይ ሽታው አይመጣም። ቆዳው፣ ቅቤው፣ ላቧ። ጀርባዋ ላይ የሚጣለው ግላስ ሐር ነው፤ አንገቷ ላይ የሚንጠለጠለው መርገፍ ብር ነው፤ ስትራመድ ይንሿሿል። ታዲያ የማንም የራሱ አልነበረም፤ ካለው ቤት በውሰት ነው። እኔን ያመጡኝ ጊዜ፣ ገና ልጅ ነኝ፣ ያቺን በቅሎ ሳይ «እነዚህ ሰዎች ሀብታም ናቸው» አልሁ።

ምንይችል: አልነበሩም?

ስሜነሽ: ጌጡ የአንድ ግራዝማች ነው። የአማቴ ሎሌ ከግራዝማቹ ጎተራ ደጃፍ ተሰቅሎ አይቶ፣ ሳይጠይቅ አወረደው። ሰኞ እመልሰዋለሁ ብሎ።

[አገጩን ማሰር የጀመረው የምንይችል እጅ ሽቦው ላይ ቀረ።]

ምንይችል: ሰኞ… ብሎ?

ስሜነሽ: ሰኞ ብሎ። አሸተን ማርያም ሥር ስንደርስ ግራዝማች ከነአሽከሩ መጣ። እኔ በቅሎዋ ላይ ነኝ፣ ፊቴ ተሸፍኗል። መርገፉ ሲፈታ ነው የሰማሁት፤ ሽው፣ ሽው፣ ሽው፣ ከዚያ ዝም። አንድ ቃል ክፉ አልተናገረም፤ ጌጡን ወስዶ ሄደ። እኔ በራቁት በቅሎ ገባሁ። ከበሮ የሚመቱት እንኳ ለመምታት አፈሩ።

ምንይችል: ዘመኑ ክፉ ነበር እማማ።

ስሜነሽ: ዘመኑ ምን አደረገ? ሎሌው ቢጠይቀው ግራዝማች ይሰጠው ነበር። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚሉት ውሸት ነው፤ ያደምቃል። ያልጠየቁት ነው የማያደምቅ።

[ከሸራው ሥር አንድ ዝንብ ወጣ።]

ስሜነሽ: ልጄ፣ የምትነግረኝ ነገር የለም?

ምንይችል: እኔ? ምን?

ስሜነሽ: እንዲሁ። ዓርብ ነው፤ ሰው ሆዱን የሚያቀልበት ቀን ነው ብዬ።

ምንይችል: ሆዴ ቀላል ነው። ቁርስም አልበላሁ።

ስሜነሽ: ደግ። ያቺ ሸራ የለበሰችው ምነዋ?

ምንይችል: የቷ?

ስሜነሽ: ይቺው፣ ዝሆን የምታክለው።

ምንይችል: እ፣ እሷን ነው? ታማለች።

ስሜነሽ: ምኗን?

ምንይችል: ሞተሯን።

ስሜነሽ: ሞተሯን የታመመች ፊቷን ምን አስሸፈናት?

ምንይችል: ብርድ እንዳይመታት።

ስሜነሽ: ትናንት ነፋሱ ገለጥ ሲያደርጋት ጥርሷ የረገፈ ባልቴት መሰለችኝ። አፍራ ይሆን የተሸፈነችው?

ምንይችል: ሞዴሏ ነው እማማ። አንዳንድ ሞዴል እንደዚያ ሆኖ ነው ከፋብሪካ የሚወጣ፤ አገጭ የለውም።

ስሜነሽ: እንዴት ያለ?

ምንይችል: አገጭ የሌለው።

ስሜነሽ: እንዲያ በለኝ። አገጭ ነዋ የሚባለው።

[ምንይችል ምላሱን ነከሰ። እማማ ስሜነሽ ደግሞ ተነሥተው ወደ ሸራው ሄዱ፤ የታመመ ሰው እንደሚጠይቅ ዳበስ ዳበስ አደረጓት።]

ስሜነሽ: አይዞሽ። ይመለስልሻል።

ምንይችል: ምኑ ነው የሚመለስላት?

ስሜነሽ: ጤናዋ።

ምንይችል: እ… ጤናዋ። አሜን።

ስሜነሽ: ማክሰኞ ለት ደግሞ ከዚህ ጭስ ሸትቶኝ ነበር።

ምንይችል: ድንች ጠብሼ ነው።

ስሜነሽ: ድንቹ ጥቁር ጭስ ነበረው።

ምንይችል: አረረብኝ።

ስሜነሽ: ሁሉም?

ምንይችል: ሁሉም።

ስሜነሽ: አይ ልጄን። ያረረ ድንች ለሰው ቢነግሩት እኮ ጎረቤት ሌላ ይሰጣል።

ምንይችል: ለድንች ብዬ ሰው አላስቸግርም።

ስሜነሽ: እሱስ ኩራት ነው። ኩራትን ደግሞ ቀቅለው አይበሉት።

[ተመልሰው ጎማቸው ላይ ተቀመጡ። ከነጠላቸው ሥር የፕላስቲክ ጠርሙስ አወጡ።]

ምንይችል: ምንድን ነው እሱ?

ስሜነሽ: ጠበል። ከነአኩቶ ለአብ፣ ከዋሻው ጣራ ጠብ ጠብ ሲል የተጠራቀመ። ሙሽራ የምትቀመጥበት ነገር ሳይረጭ እንዴት ይሆናል?

ምንይችል: ውሃ አይነካትም!

ስሜነሽ: ውሃ መች አልሁህ፤ ጠበል ነው።

ምንይችል: ጠበልም ቢሆን! ቀለሙ ገና ነው!

ስሜነሽ: ቅድም «ትናንት ደርቋል፣ በጥፍር ቢቧጥጡት አይለቅ» አላልኸኝም?

ምንይችል: ደርቋል። መድረቅስ ደርቋል። ግን ዐርባ ቀን አልሞላውም።

ስሜነሽ: ክርስትና ሊነሣ ነው?

ምንይችል: እንደዚያ ነው የቀለም ሕጉ! አዲስ አበባ…

ስሜነሽ: ልቤን ደስ እንዲለው ያህል ነው። ጣቴን ነክሬ፣ ጠብ ብቻ።

ምንይችል: ክንፉን! ክንፉን ይርጩ! አገጩን… ፓራውልቱን ተዉት! ኧረ ክንፉንም ይተዉት! ጎማውን ይርጩልኝ፣ ጎማው ነው የሚሄደው፣ በረከት የሚያስፈልገው እሱ ነው!

ስሜነሽ: በስመ አብ ወወልድ…

[ረጩ። የጣታቸውን ጫፍ ያህል አልነበረም፤ ጠርሙሱን ገለበጡት። ቀዩ ቀለም ከአገጩ ላይ እየተንጠባጠበ አቧራው ላይ ወረደ። ከሥሩ ነጩ ብቅ አለ፤ ንጹሕ፣ ወተት የመሰለ።]

ስሜነሽ: ምነው፣ ምን ሆነች?

ምንይችል: ላብ ነው!

ስሜነሽ: ላብ?

ምንይችል: መኪና ሠርግ ሲደርስ ትጓጓለች። ሞተሩ ይሞቃል። ያልባታል።

ስሜነሽ: ቀይ ላብ?

ምንይችል: ቀይ መኪና አይደለችም? ምን ዓይነት ላብ ያልባት ታዲያ?

ስሜነሽ: ከሥሩ ያለው ነጩሳ?

ምንይችል: አጥንቷ!

[ይኼን ብሎ ራሱም ደነገጠ። ከዚህ ወዲያ የቀረው ውሸት አልታየውም። በዚህ መሐል ስልኩ ጮኸ። አየው። «ሙሐዲን ጋሸና» ይላል። ፊቱ ከነጩ ፓራውልት ጋር ተመሳሰለ።]

ስሜነሽ: አታነሣውም?

ምንይችል: ማስታወቂያ ነው። ዕጣ ወጥቶልሃል የሚሉት።

ስሜነሽ: አንሣዋ፤ ዕድል አይገፋም።

ምንይችል: የነሱ ዕድል ይቅርብኝ።

[ስልኩ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። ምንይችል ተነፈሰ። ወዲያው ደግሞ ሌላ ስልክ ጮኸ፤ ድምፁ ከእማማ ስሜነሽ ጉያ ነው። ሦስት ዙር የተቋጠረ መሐረብ ፈትተው ትንሿን ስልካቸውን አወጡና ጆሯቸው ላይ ለጠፉ።]

ስሜነሽ: ሀሎ! ማን ልበል? …ሙሐዲን ልጄ! ደኅና ነህ? ሚስትህ ነሲባስ? ልጆቹሳ? አልሐምዱሊላህ በል።

[ምንይችል ጎማው ላይ፣ እሳቸው በተነሡበት ቦታ፣ ተቀመጠ።]

ስሜነሽ: …አዎ፣ እሱ ዘንድ ነኝ። ስልኩን አላነሣ አለህ? ሥራ በዝቶበት ነው፤ ባለሙያ አይደል። …አዎ አዎ፣ የመኪናህ ጌጥ ደርሶልኛል። አገጯም፣ ቀሚሷም፣ መደርደሪያዋም። አላህ ይስጥህ። እንዳልሁህ ሰኞ እንደ ነበረ ይመለሳል። …አልተበሳም፣ ታስሮ ነው። …እሑድ እንዳትቀር! ለናንተ በሬው ለብቻ ነው የሚታረድ፤ አራጁ አብደላ ቢላዋውን ይዞ ይመጣል፤ ድስቱም ለብቻ ነው። ጌጥ ያዋሰ ሰው ከፊት ነው የሚቀመጥ። በል ደኅና ዋል።

[ስልኩን መልሰው ሦስት ዙር ቋጠሩት። ከአገጩ ጠብ፣ ጠብ ይላል።]

ምንይችል: እማማ።

ስሜነሽ: ወይ።

ምንይችል: ያውቃሉ?

ስሜነሽ: ምኑን?

ምንይችል: ሁሉንም።

ስሜነሽ: ሁሉንም የሚያውቅ አንተ ነህ ብዬ ነው የመጣሁ።

ምንይችል: ማን ነገረዎት? ማንም አላየኝም እኮ! ገደል ነው የጣልሁት!

ስሜነሽ: ገደሉ የት ነው የሚያልቀው?

ምንይችል: እ?

ስሜነሽ: ከላይ ያንተ ጋራዥ ነው። ከታችስ?

ምንይችል: ከታች… እንጃ። ወርጄ አላውቅም።

ስሜነሽ: የኔ ጓሮ ነው። ማክሰኞ ከዶሮ ቤቴ አጠገብ አንድ ነገር ዱብ አለ። ዘንዶ መስሎኝ ተማፀንሁ። ቀረብ ብዬ ሳየው ልጄ ስንት ጊዜ በስልኩ ያሳየኝ አገጭ ነው፤ ጠመም ብሏል እንጂ መልኩ አልጠፋኝም።

ምንይችል: ወይ ጉዴ…

ስሜነሽ: አሁን ዶሮዬ ገብታበታለች። ተመችቷታል።

ምንይችል: ታዲያ ለምን ያኔውኑ መጥተው አልጮኹብኝም?

ስሜነሽ: ብጮህስ? አንተ ትዋረዳለህ፣ ልጄ ያዝናል፣ አገጩ አይመለስ። አሰብሁ። የእሷን ዓይነት መኪና የማን ነው ያለው? የሙሐዲን። ሙሐዲንን እኔ መች አጣሁት፤ እናቱ የገበያ ጓደኛዬ ነበረች፣ ነፍሷን ይማረው። ደወልሁለት። «የመኪናህን ጌጥ ለልጄ ሠርግ አውሰኝ» አልሁት። «የናቴ ጓደኛ ጠይቃኝ! ውሰጂ» አለኝ፤ ሁለተኛ ቃል አልጨመረም።

ምንይችል: መቼ?

ስሜነሽ: ማክሰኞ ማታውን። ረቡዕ ጧት ልነግርህ ስመጣ ለካ አንተ ቀድመኸኝ አውልቀሃል።

ምንይችል: እና ዝም አሉ!

ስሜነሽ: ዛሬ ይነግረኛል፣ ነገ ይነግረኛል ብዬ ጎማህ ላይ ስቀመጥ ወገቤ ሄደ። ድንቹን ጠየቅሁህ። ሸራውን ጠየቅሁህ። የግራዝማቹን እንኳ አወራሁህ፤ ለማንም የማላወራውን። አንተ «አጥንቷ ነው» አልኸኝ።

[ምንይችል ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እጁ ቀይ ነበር፤ ፊቱም ቀላ።]

ምንይችል: ስለዚህ እኔ ሦስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ ያጣሁት የተፈቀደልኝን ዕቃ ሰርቄ ነው?

ስሜነሽ: እንደዚያ ይመስላል።

ምንይችል: እንዲህ ያለ ሌባ አለ?

ስሜነሽ: እኔ አላየሁም። ምናልባት አዲስ አበባ።

[ሳይወድ ሣቀ። ከዚያ ሣቁ ተቋረጠ።]

ምንይችል: ለሙሐዲን መቀባቴን ነገሩት?

ስሜነሽ: የተዋስሁትን ነው የነገርሁት። የቀባኸውን አንተ ትነግረዋለህ፤ ለሰሎሞን ግን እኔ አለሁ። በል ተነሥ፣ እጠበው።

ምንይችል: ሁሉንም? ቀይ መኪና በነጭ ፓራውልት?

ስሜነሽ: የውሰት ልብስ ቀለም አይነከርም። ጥርሷን አውጥታ የሣቀች ትመስላለች፤ ለሠርግ ምን ያንሳታል? ደግሞ አንድ ነገር ቀርቷል።

ምንይችል: ምን ቀረ?

ስሜነሽ: የተዋሱትን ጌጥ በበቅሎ ላይ ያሰረ ሰው፣ ራሱ እስኪፈታው ከበቅሎዋ ጎን አይለይም። ዓይኑ ከጌጡ፣ እጁ ከኮርቻው። ደንብ ነው።

ምንይችል: እ-ማ-ማ።

ስሜነሽ: ከነአኩቶ ለአብ ጀምሮ እስከ ደጄ።

ምንይችል: ስፖርት መኪና አጠገብ በእግሬ?! ሰው ምን ይለኛል!

ስሜነሽ: ቀለም ቀቢው አገጭ አቀለጠ ከሚልህ፣ ቀለም ቀቢው እግረኛ ነው ቢልህ ይሻልሃል።

[እሑድ ከቀትር በኋላ። የእማማ ስሜነሽ ግቢ፣ ዳሱ ደጃፍ። ቀይዋ መኪና ነጭ አገጯን አስቀድማ፣ በሰው እርምጃ፣ ድንጋይ ድንጋዩን እየሸሸች ብቅ አለች። ምንይችል ከጎኗ ነው፤ አንድ እጁ ክንፉን ይዟል። ከአቧራው የተነሣ ሽማግሌ መስሏል። ሙሽራዋ ማኅሌት በመስኮቱ ውሃ ስትሰጠው ነው የመጣች።]

ምንይችል: ልልቀቀው?

ስሜነሽ: ገና አልወረደችም።

ምንይችል: እማማ፣ ነገሩ ገብቶኛል። ክንፉ እንዳትበር ነው ያልሁዎት። እውነቴን ነው፤ እኔን ይዛ እንዴት ትበራለች?

ስሜነሽ: አየህ፣ ሳይንስ ነው።

ምንይችል: ሰው ሁሉ ይጠይቀኝ ነበር። «ምን ሆነህ ነው በእግርህ?» ይላል። «ጠባቂዋ ነኝ» አልሁ። ከዚያ አንዱ ሽማግሌ ባርኔጣውን አወለቀልኝ። «ይኼን ደንብ የሚያውቅ ዛሬም አለ?» አለ።

ስሜነሽ: አንተስ ምን አልኸው?

ምንይችል: «ከጥንት ጀምሮ አውቀዋለሁ» አልሁት።

[እማማ ስሜነሽ ሣቁ። ከዚያ ምንይችል ሲያያቸው ሣቃቸው ቆሟል። ሕዝቡ እልል የሚለው ለሙሽራዋ ነው፤ እሳቸው የሚያዩት አገጩን፣ ቀሚሱን፣ ክንፉን ነው፤ አንድ በአንድ። ከዳሱ ውስጥ፣ ከፊት ወንበር፣ ሙሐዲን እያጨበጨበ ነው።]

ምንይችል: ምነው እማማ?

ስሜነሽ: ምንም። ከነጌጧ ገባች።

[ምንይችል ክንፉን ለቀቀ። መዳፉ ላይ ትንሽ ቀይ ቀለም ቀርቷል። በሱሪው ጠርጎ ወደ ዳሱ ገባ፤ ከሙሐዲን ፊት ቆመ።]

ምንይችል: ሙሐዲን፣ አንድ የምነግርህ ነገር አለኝ።

ሙሐዲን ሲሰማው እንዳልተቆጣ፣ የሣቀው ሣቅ ግን የያዘውን ሥጋ እንዳስጣለው፣ እዚያ የነበሩ ሁሉ ያወራሉ። ምንይችልም ሰኞ ፈታ፣ አጠበ፣ መልሶ ገጠመ። የሞተሩ ዕቃ ሲመጣ ነጯን መኪና ይዞ ጋሸና ሄደ፤ ላድርሳትና ልመለስ ብሎ ነበር። አልተመለሰም፤ ሙሐዲን እዚያው አስቀረው። የላሊበላዋን ጋራዥ አሁን ሌላ ሰው እንጨት ይሸጥባታል።

የቀለጠው አገጭ እማማ ስሜነሽ ጓሮ ነው፤ ያቺ ዶሮ ስንት ጊዜ ፈልፍላበታለች።

ምንይችል ለመጨረሻ ጊዜ የታየው ጋሸና ነው፤ ከመገንጠያው አለፍ ብሎ፣ ከሙሐዲን ሱቅ ጎን፣ መኪና ይቀባል። ቦታው ሜዳ ነው። ገደል የለውም።